በርክሌይ፦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ቤት ሲያጣ

በኦገስት 2021 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ የሚገኘው የአላሜዳ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ በበርክሌይ ከተማ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ቁጥር ከ42,347 በላይ እንዳያደርስ አዘዘ። ቁጥሩ በ2020–21 የትምህርት ዘመን ከነበረው የተማሪ ብዛት የተወሰደ ነው። ከሳሹ የካምፓሱ ጎረቤቶች ያቋቋሙት ማኅበር ሲሆን፣ አቤቱታውም ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ተማሪ ሲጨምር በመኖሪያ ቤት፣ በመንገድና በአካባቢው ጸጥታ ላይ የሚያደርሰውን ጫና በሕግ በሚጠበቅበት መጠን አላጠናም የሚል ነበር። በማርች 3 ቀን 2022 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን ለማንሳት ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲውም በመጪው ዓመት በካምፓስ ከሚቀበላቸው ተማሪዎች ወደ 3,000 የሚሆኑትን ለመተው እንደሚገደድ አስታወቀ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ የግዛቲቱ ምክር ቤቶች አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይሰማ ሕጉን ቀየሩ፤ ገዥው ጋቪን ኒውሰምም በዚያው ዕለት ፈረሙበት።

ጉዳዩ በወቅቱ የተነገረው በነዋሪና በተማሪ መካከል የተነሣ ጠብ ተደርጎ ነው። ይህ አገላለጽ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍነዋል ብዬ አምናለሁ። በርክሌይ ውስጥ ቤት የታጣው ተማሪ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ከተማው ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክል ሥርዓት ገንብቶ ስለኖረ፣ ዩኒቨርሲቲውም ይህንን እያወቀ አልጋ ሳያዘጋጅ ተማሪ ሲቀበል ስለቆየ ነው። የሁለቱን ውሳኔ ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ውሳኔው በተላለፈበት ጊዜ በቦታው ያልነበረ ሰው ነው፤ ይኸውም ዘግይቶ የመጣው ተማሪ፣ ተከራይ ቤተሰብና ገና ቤት ያልገዛ ወጣት ሠራተኛ።

የሕዝብ ቆጠራው ነገሩን በግልጽ ያሳያል። በ1970 የበርክሌይ ነዋሪ 116,716 ነበር። በ1980 ወደ 103,328 ወረደ፤ በ1990 102,724፣ በ2000 ደግሞ 102,743 ሆነ። በዙሪያው ያለው የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የዓለም የኮምፒውተር ኢንዱስትሪ ማዕከል እየሆነ ሰው ሲጎርፍበት፣ በርክሌይ ለሠላሳ ዓመታት ነዋሪዋ ቀንሶ እዚያው ረግቶ ቆየ። በ2020 ቁጥሩ 124,321 ደረሰ፤ ጭማሪውም የመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት አሥርተ ዓመታት ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ወደ 45,000 ተማሪዎች አሉት፤ ስለዚህ የተማሪው ቁጥር ከከተማው ነዋሪ ሲሦ በላይ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ መርጋት ከየት መጣ? መነሻው በ1916 የወጣ ደንብ ነው። ከካምፓሱ ደቡብ ምሥራቅ ባለው የኤልምዉድ ሰፈር በአንድ ቦታ ላይ ለአንድ ቤተሰብ ከሚሆን አንድ ቤት በስተቀር ሌላ እንዳይሠራ ከተማው ከለከለ፤ በአሜሪካ ይህን ዓይነት ክልከላ በመደንገግ በርክሌይ ቀዳሚ እንደሆነች ይነገራል። ደንቡን የገፋፉት ሰፈሩን ሸንሽነው የሚሸጡ የመሬት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ዓላማቸውም ጥቁሮችንና እስያውያንን ከሚሸጡት ቦታ ማራቅ ነበር። በዓመቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘርን በስም ጠቅሶ ሰፈር የሚከፋፍል ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲበይን፣ «አንድ ቦታ፣ አንድ ቤት» የሚለው ደንብ ግን ስለ ዘር ምንም ስለማይናገር ሳይነካ ቀረ። ድሀውን በዋጋ ማስቀረት ከተቻለ የዘር ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር። የከተማው ምክር ቤት ይህን የማግለል ታሪክ በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ ራሱ አምኖ፣ ደንቡ እንዲቀር በሙሉ ድምፅ አቅጣጫ አስቀምጧል።

በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት ባንኮች ብድር የሚሰጡባቸውንና የማይሰጡባቸውን ሰፈሮች በቀለም ለይቶ ካርታ ሲያወጣ፣ ጥቁሮችና እስያውያን የሚኖሩበት የከተማው ደቡብና ምዕራብ ቀይ ተቀባ። ዛሬ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የሚጠራው፣ በዚያን ጊዜ ግሮቭ ይባል የነበረው ጎዳና የድንበሩ መስመር ነበር። ወደ ተራራው ያለው የነጮች፣ ወደ ባሕሩ ያለው የሌሎች ነበር። በ1970 ከበርክሌይ ነዋሪ ከአምስት አንዱ በላይ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ2020 ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ለውጥ ያመጣው በአብዛኛው በግድ ማስወጣት አይመስለኝም፤ ወላጆች በሞቱ ጊዜ ልጆች በዚያው ሰፈር ለመኖር የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው።

በ1973 ደግሞ መራጩ ሕዝብ የሰፈር ጥበቃ ደንብ በቀጥታ ድምፅ አጸደቀ። በ1960ዎቹ በካምፓሱ ዙሪያ ያማሩ የጣውላ ቤቶች እየፈረሱ ግድግዳቸው የሳሳ፣ መልካቸው የማይስብ አፓርታማዎች ሲተኩባቸው ሰዉ ተቆጥቶ ነበር፤ ቁጣውም ምክንያት ነበረው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከበሽታው የከፋ ሆነ። ቤት ማፍረስም አዲስ መሥራትም በረጅም ፈቃድና በጎረቤት ስብሰባ ስለታጠረ፣ ከተማው ለብዙ ዓመታት ይህ ነው የሚባል ግንባታ ሳያይ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቤት ያለውንና የሌለውን የለያየው በ1978 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ያጸደቀው፣ ፕሮፖዚሽን 13 በመባል የሚታወቀው የንብረት ግብር ሕግ ይመስለኛል። ሕጉ መሠረታዊውን የንብረት ግብር ከግምቱ ዋጋ 1 በመቶ ላይ ወስኖ፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አደረገ። ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በ1975 ግምቱ 60,000 ዶላር የነበረ ቤት በየዓመቱ 2 በመቶ ቢጨመርበት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለግብር የሚታሰበው 161,500 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ መሠረታዊ ግብሩም ከ1,600 ዶላር ብዙ አይበልጥም። ልክ እንደዚያው ያለውን የጎረቤት ቤት ዘንድሮ በ1.4 ሚሊዮን ዶላር የገዛ ሰው ግን 14,000 ዶላር ይከፍላል። ሁለቱም የሚጠቀሙት በአንድ መንገድ፣ በአንድ የእሳት አደጋ ጣቢያና በአንድ ትምህርት ቤት ነው።

ሕጉ ጡረተኛን ከገዛ ቤቱ ከመፈናቀል አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የቤት ዋጋ ሲንር ነባሩ ባለቤት ሀብቱ እያደገለት ግብሩ አይከተለውም፤ ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ ተጨማሪ ቤት ተሠርቶ ዋጋው እንዲረጋጋ የሚገፋፋው ነገር የለም። ቤቱን ሽጦ ወደ አነስተኛ ቤት መዛወርም ለረጅም ጊዜ አዲስ ግብር የሚያስከትል ስለነበር፣ ልጆቻቸው የወጡላቸው ባልና ሚስት ባለአራት መኝታ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይቆያሉ። በዚያው ጎዳና ላይ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ሆነው በደባልነት ያድራሉ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ስንመጣ፣ ለአማርኛ አንባቢ መብራራት ያለበት አንድ ልዩነት አለ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ፣ ወጪው በወጪ መጋራት ሥርዓት የሚታሰብበት ቢሆንም፣ በተለምዶ ዶርም ያገኛል፤ ክፍሉ ቢጠብም ማደሪያው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊነት ነው። በበርክሌይ ግን ዩኒቨርሲቲው ማደሪያ የሚያዘጋጀው ከተማሪዎቹ ሩብ ላልሞሉት ብቻ ነበር፤ ይህም በግዛቲቱ የዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ካሉት ካምፓሶች ዝቅተኛው ነው። አብዛኛው ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወጥቶ በገበያ ይከራያል። በሌላ አነጋገር፣ ዩኒቨርሲቲው የመማሪያ ክፍያውን እየተቀበለ የማኖሩን ሥራ ለከተማው ትቶታል።

ተማሪ ተከራይ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ሲወዳደር የተለየ ጉልበት አለው። እንበልና አራት መኝታ ያለው ያረጀ ቤት ለኪራይ ወጣ። ስድስት ተማሪዎች ተጠራርተው እያንዳንዳቸው 1,200 ዶላር ቢያዋጡ በወር 7,200 ዶላር ይሆናል። አንዱ ወላጅ መምህር፣ ሌላው የሆስፒታል ሠራተኛ የሆኑ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ይህን መክፈል አይችሉም። እያንዳንዱ ተማሪ በግሉ ድሀ ነው፤ በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን ከቤተሰቡ የበለጠ የመክፈል አቅም አላቸው። ከካምፓሱ ወደ ደቡብ ወደ ኦክላንድ በሚዘልቀው የቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት የከፈቱና በዙሪያው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወገኖቻችንም ያሉት በዚሁ ገበያ ውስጥ ነው።

የኪራይ ቁጥጥሩም ሳይታሰብ ተማሪውን ተመራጭ ተከራይ አድርጎታል። በርክሌይ በ1980 ኪራይ በየዓመቱ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይጨምርና ተከራይ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይወጣ የሚከለክል ጠንካራ ደንብ አወጣች። በ1995 ግን የግዛቲቱ ሕግ አውጪ፣ ተከራይ በፈቃዱ ሲለቅ አከራዩ ለቀጣዩ ተከራይ የፈለገውን ዋጋ እንዲጠይቅ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤት ሃያ ዓመት የቆየ ተከራይ በጣም አነስተኛ ኪራይ ሲከፍል፣ በየሁለት ዓመቱ የሚቀያየር ተማሪ ሙሉውን የገበያ ዋጋ ይከፍላል። ለአከራዩ የተሻለው ቶሎ የሚለቀው ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ካወጣች ወዲህ ጥያቄው ለእኛም እንግዳ ስላልሆነ፣ ጥበቃው ከሰውየው ጋር ነው ወይስ ከቤቱ ጋር የሚሄደው የሚለውን ከበርክሌይ ልምድ መመርመር ተገቢ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የግዛቲቱ ተቋም በመሆኑ ለከተማው የንብረት ግብር አይከፍልም፤ በከተማው የግንባታ ደንብም አይገዛም። እሳት ሲነሣ ወይም ሰው ሲታመም የሚደርሰው ግን የከተማው ሠራተኛ ነው። ከተማው በዚህ ምክንያት ክስ መሥርቶ ቆይቶ፣ በጁላይ 2021 ዩኒቨርሲቲው በ16 ዓመት ውስጥ 82.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍለው፣ እርሱም ክሱን ሊተውና በሁለት የማደሪያ ግንባታዎች ላይ ላይከራከር ተስማሙ። በዓመት ሲካፈል ከ5 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ብዙ ነዋሪዎች ይህን እንደ ርካሽ ሽያጭ ቆጠሩት፤ እኔም ቅሬታቸው መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም።

ከሁለቱ ግንባታዎች አንዱ የታቀደው «የሕዝብ መናፈሻ» (ፒፕልስ ፓርክ) በሚባለው ቦታ ላይ መሆኑ ደግሞ ያረጀ ቁስል ቀሰቀሰ። ከቴሌግራፍ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን ይህን መሬት ዩኒቨርሲቲው በ1967 በግዳጅ ግዢ ወስዶ፣ በላዩ የነበሩትን ቤቶች በ1968 አፈረሰ፤ ከዚያም ጭቃና ፍርስራሽ አድርጎ ተወው። በኤፕሪል 1969 ተማሪዎችና ነዋሪዎች ሣር ተክለው፣ አበባ ዘርተው መናፈሻ አደረጉት። በሜይ 15 ንጋት ላይ ባለሥልጣናት መሬቱን በአጥር ሲያጥሩት ተቃውሞ ፈነዳ፤ ፖሊሶች በተኮሱት ጥይት ጄምስ ሬክተር የተባለው ወጣት ቆስሎ ከቀናት በኋላ ሞተ፤ አለን ብላንቻርድ የዓይን ብርሃኑን አጣ። ገዥው ሮናልድ ሬገን ብሔራዊ ዘብ ወደ ከተማው አስገቡ። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ በዚህ ቦታ ላይ የመኖሪያ ሕንፃ ሊሠራበት አልተቻለም፤ መናፈሻውም ቀስ በቀስ ቤት የሌላቸው ሰዎች ድንኳን የሚተክሉበት ሆነ።

ዩኒቨርሲቲው በ2021 ያጸደቀው ዕቅድ ለ1,100 ያህል ተማሪዎች ማደሪያ፣ ከጎኑም አነስተኛ ገቢ ላላቸውና ቤት አጥተው ለኖሩ ሰዎች 125 ያህል ቤቶች፣ ከመሬቱም ከግማሽ የሚበልጠው ክፍት ሥፍራ ሆኖ እንዲቀር የሚል ነው። በኦገስት 2022 ግንባታ ለመጀመር ሲሞከር ተቃዋሚዎች አጥሩን ጥሰው ገቡ፤ ሥራውም ቆመ። በፌብሩዋሪ 2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ወደፊት በሕንፃው የሚኖሩት ተማሪዎች የሚያሰሙት ጩኸት በአካባቢ ላይ የሚደርስ ጉዳት ተደርጎ መጠናት ነበረበት ብሎ በየነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ፍርዱ የተመሠረተበት የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ በ1970 የወጣ ነው፤ የፈረሙትም ራሳቸው ሬገን ናቸው። ታላላቅ ሥራዎች ወንዝን፣ አየርንና የዱር እንስሳትን ከመጉዳታቸው በፊት እንዲጠኑና ሕዝብ እንዲያውቅ ማድረግ መልካም ዓላማ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ነዋሪ ጥናቱ አልበቃም ብሎ መክሰስ ስለሚችል፣ በዓመታት ውስጥ ሕጉ ከጫካው ይልቅ ለሰፈር ጸጥታ መሟገቻ ሆነ። በባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚሠራ አፓርታማ ሰዎችን ከመኪና የሚያወጣ፣ አየርንም የሚጠቅም ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ ሕግ ለዓመታት ይታገዳል። የሰው ድምፅ ከፋብሪካ ጭስ ጋር እንደ ብክለት የሚቆጠር ከሆነ፣ በዚህ አስተሳሰብ ንጹሕ ከተማ የሚባለው ሰው የሌለበት ከተማ ነው። ይህ ደግሞ የ1916ቱ ደንብ ይፈልገው ከነበረው ብዙ አይርቅም።

የግዛቲቱ ምክር ቤት በአካባቢው ተወካይ በበፊ ዊክስ አቅራቢነት፣ የወደፊት ነዋሪዎች ድምፅ እንደ አካባቢ ጉዳት እንዳይቆጠር የሚያደርግ ሕግ በ2023 አወጣ። በጃንዋሪ 4 ቀን 2024 ሌሊት ፖሊሶች መናፈሻውን ከበቡ፤ ሠራተኞችም የመርከብ ኮንቴይነሮችን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ዙሪያውን አጠሩት። በጁን 6 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። እኔ ሕንፃው መሠራት ነበረበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ቢሆንም ወጣት የሞተበትን ቦታ በሌሊት በብረት አጥሮ መረከብ፣ በተለይ ባለቤቱ የትምህርት ተቋም ሲሆን፣ የሚያኮራ አይደለም።

በሌላ በኩል ግዛቲቱ ሥልጣኑን ከከተሞቹ እየወሰደ ነው። ለ2023–2031 በርክሌይ 8,934 ቤቶች እንዲሠሩ የሚያስችል ቦታና ደንብ እንድታዘጋጅ ኮታ ተጥሎባታል፤ ካላሟላች ግንባታ የመከልከል መብቷ ይመነምናል። በግቢ ውስጥ ተጨማሪ አነስተኛ ቤት፣ እኛ ሰርቪስ ቤት የምንለውን ዓይነት፣ መሥራትም አሁን በአብዛኛው የጎረቤት ስብሰባ አይጠይቅም። በጁን 2025 ደግሞ በከተማ ክልል የሚሠሩ አብዛኞቹ መኖሪያ ቤቶች ከአካባቢ ጥናቱ ነጻ የሚሆኑበት ሕግ ወጣ። አንድን ትእዛዝ በአሥራ አንድ ቀን የሚሽር ሕግ ማውጣት ለአንድ ጊዜ ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን ነዋሪው ሰፈሩን በሚመለከት የሚደመጥበትን መድረክ በሙሉ መዝጋትም ለነገ ሌላ ቅሬታ ያስቀምጣል።

በዚያው ክረምት የከተማው ምክር ቤት በ2021 የገባውን ቃል በመፈጸም፣ ለአንድ ቤት ብቻ ይፈቀድ በነበረ ቦታ ላይ ብዙ ቤቶችን መሥራት የሚያስችል ደንብ አጸደቀ፤ 5,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 465 ካሬ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ እስከ ስምንት ቤት ሊሠራ ይችላል። ደንቡ ግን ተራራማውን ክፍል አይጨምርም። የተሰጠው ምክንያት የሰደድ እሳት ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ነው። በ1923 ከካምፓሱ በስተሰሜን የተነሣ እሳት 584 ቤቶችን በልቷል፤ በ1991 በኦክላንድና በበርክሌይ ተራሮች ላይ በተነሣው ደግሞ 25 ሰዎች ሞተዋል። የተራራው መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆኑ፣ ሸሽቶ የሚወርድ መኪናና ሊያጠፋ የሚወጣ የእሳት አደጋ መኪና በአንድ ጊዜ አይተላለፉም። ተራራው ከከተማው ሁሉ ሀብታም የሚኖርበት መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው፤ በውጤቱ አዲሱ ግንባታ ሁሉ የሚያርፈው በሜዳው፣ ብዙውም በአንድ ወቅት በካርታ ላይ ቀይ በተቀባው ክፍል ይሆናል።

ለዚህ ነው ከተማው አሁን እያጠና ያለው ሌላ ዕቅድ ትልቅ ትርጉም ያለው። ዕቅዱ በሜዳው ላይ ባሉና ባለሀብት ሰፈሮችን አቋርጠው በሚያልፉ ሦስት የገበያ ጎዳናዎች፣ በሶላኖ፣ በሰሜን ሻተክና በኮሌጅ ጎዳና ላይ፣ ከፍ ያሉ ሕንፃዎች እንዲፈቀዱ የሚያደርግ ነው። እነዚህ ጎዳናዎች ሱቅም አውቶቡስም አላቸው፤ የተራራው ዓይነት የመውጫ ችግርም የለባቸውም። ነጋዴዎቹ ባለአንድ ፎቅ ሱቆቻቸው ፈርሰው አዲሱ ሕንፃ እስኪቆም ሥራቸው ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ፤ ይህ ሥጋት መልስ ይፈልጋል፤ የመመለሻ መብትና የሽግግር ካሳ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ከሦስቱ ጎዳናዎች አንዱ የሆነው የኮሌጅ ጎዳና የሚያልፈው በኤልምዉድ መሀል ነው።